ሁለት ጊዜ የተመለሰው ገጽ

«ፈርሚ፣ ጓድ ሐምዲያ። አንዲት መስመር ናት።»

ወረቀቱን ሳላነሳ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አነበብኩት። «በመስኖ ጥናት ፕሮጀክቱ ኮምፒውተር ላይ አሥራ አንድ ጊዜ የደረሰው ብልሽት በባለሙያው በነጅሙዲን አብዱረሂም የተፈጸመ አሻጥር መሆኑን በሙያዬ አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ ስሜ ተተይቧል። የሚጎድለው ፊርማዬ ብቻ ነው።

ጓድ ግርማ የፕሮጀክታችን ሥራ አስኪያጅ ነው። በአፌ እርስዎ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተ ነው፤ አንቱታ በሹመት ብቻ የሚገኝ አይመስለኝም። የሸዋ ሮቢት የግንቦት ፀሐይ ሰውና ቆርቆሮ በሚያግልበት ሰዓት እንኳ ኮቱን አያወልቅም። ላቡ በአንገትጌው ውስጥ ሲወርድ አየሁ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«በሙያዬ አረጋግጣለሁ ይላል። እኔ ገና አላረጋገጥኩም» አልኩት። «ሳላረጋግጥ ከፈረምኩማ ሙያ የለኝም ማለት ነው።»

«አሥራ አንድ ጊዜ ወደቀ። አሥራ አንዱም ከሰዓት በኋላ፣ በነጅሙዲን ፈረቃ ነው። እሱ ከታሰረ ዛሬ አራተኛ ቀኑ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ወድቋል? አልወደቀም! ከዚህ ወዲያ ምን ማረጋገጫ ትፈልጊያለሽ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞስ የማን ልጅ ልጅ እንደሆነ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? አባትሽ የማንን መሬት ሲያርስ ነው የኖረው?»

ደሜ ፈላ። «የነጅሙዲንን አያት መሬት አብዮቱ ወርሶታል። የእኔን ፊርማ ግን እስካሁን ማንም አልወረሰውም።»

«ሐሙስ ከበላይ አካል የተላኩት እንግዳ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ» አለ ጥርሱን ነክሶ። «የገበሬዎቹ ስም በገዛ ፊደላችን ሲታተም ሊያዩ ነው የሚመጡት። እስከዚያ ካልፈረምሽ እዚህ ወረቀት ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ስም ይሰፍራል።»

«እንግዲያው ስሜን አሳምረው ይጻፉት» ብዬው ወጣሁ።

በረንዳው ላይ ስደርስ ምሰሶውን ይዤ ቆምኩ። የፈራሁት ለራሴ አልነበረም። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል ላልተነፈስኩለት፣ ባሰብኩት ቁጥር ንዴቴና ናፍቆቴ ለሚደባለቁብኝ ሰው ነበር።

* * *

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ነጅሙዲንና እኔ ሁለታችንም የይፋት ቆላ ልጆች ነን። የእሱ አያት የመሬት ጌታ ነበሩ፤ የእኔ አባት ሷሊሕ ደግሞ ያንን መሬት የእኩል ያርስ ነበር። የእኩል ማለት ከምርቱ ግማሹን ለጌታው ማስረከብ ነው። አብዮቱ ሲመጣ መሬቱ ለአራሹ ሆነና እኔ የጭሰኛ ልጅ ተብዬ ተመሰገንኩ፣ እሱ የባላባት ዘር ተብሎ ተጠረጠረ። ያን ጊዜ ሁለታችንም ገና ጥርሳችንን የምንነቅል ልጆች ነበርን። ከዚያ እህል አንዲት ቁና የሰጠንም የወሰድንም አልነበርንም።

አድገን፣ ሒሳብ ተምረን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ተገናኘን። በ1979 ዓ.ም. ለፕሮጀክቱ በእርዳታ አንድ ኮምፒውተር መጣ። ከተማው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ክፍል ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ ሰው ሁሉ ምክንያት ፈልጎ በሩ ላይ ይቆማል። ሦስት ጸሐፊዎች ባንድ ጊዜ ይጽፉበታል። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፤ አማርኛ አያውቅም። አማርኛ እንድናስተምረው ለነጅሙና ለእኔ ተሰጠን።

ፊደል ለማስገባት ደግሞ ከማሽኑ አስኳል መግባት ግድ ነው። ከርነል ይሉታል። ሜሞሪውን በገጽ በገጽ ከፍሎ ለጠየቀው ሁሉ የሚያድለው እሱ ነው፤ ሥራውን የጨረሰውን ገጽ ተቀብሎ ለሌላው የሚሰጠውም እሱ ነው። ሌላ ፕሮግራም ቢሳሳት ያ ፕሮግራም ብቻ ይቆማል። አስኳሉ ከተሳሳተ ግን ማሽኑ እንዳለ ድፍት ይላል።

ሥራውን ተካፈልን። ነጅሙ ከአስኳሉ ገጽ ተበድሮ ፊደሉን የሚስለውን ክፍል፣ እኔ የተሳለውን ወደ ፕሪንተር የሚወስደውን ክፍል ያዝን። የመጀመሪያዋ «ሀ» አንድ እግሯ አጥሮ፣ ተንጋዳ የወጣች ቀን እንደ ሕፃን ጮኼ ወረቀቱን ገነጠልኩት። «እያት! እያት እንጂ!» አልኩት። እሱ ግን ወረቀቱን አላየም። እኔን ነበር የሚያየኝ። ዓይኔን መስበር ነበረብኝ፤ አልሰበርኩም።

ሚያዝያ ላይ የመዋደዳችን ወሬ አባቴ ጆሮ ገባ። «ከሰው ሁሉ ያንን ቤት?» አለኝ፤ ሌላ አላለም። ሦስት ቀን ምግብ አልበላ ሲል ጊዜ ተሸነፍኩና ለነጅሙ ጻፍኩለት። «አባቴ አይሆንም ብሏል። ስለ እኔ ብለህ ዕድሜህን አታስረው። ለቅቄሃለሁ» ብዬ ለፕሮጀክቱ ታይፒስት ለእትዬ አሰገደች ሰጠኋት። በልቤ ግን «አትልቀቂኝ ይለኛል፣ ይጣላኛል» ብዬ ነበር። በዚያው ቀን እትዬ አሰገደች ፖስታ አቀበለችኝ። «ሐምዲ፣ የአያቴ ስም ከተለጠፈብሽ አይለቅሽም። ያንቺ መንገድ ክፍት ነው። ለቅቄሻለሁ» ይላል።

እንዴት ቶሎ እሺ ይላል? አንድ ቀን እንኳ ሳያድር? ከዚያ በኋላ፣ ማሽኑን ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት እሱ ብንይዘውም፣ ባንድ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ሠራን። በዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የሚሰማው የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እኔም እያንዳንዷን ሰዓት ተቃጠልኩባት።

* * *

ከጓድ ግርማ ቢሮ እንደወጣሁ ምሳ አስቋጥሬ ቀበሌ ሄድኩ። ነጅሙን የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ነው ያስቀመጡት። ጠመንጃ ያነገተው አብዮት ጠባቂ ሳህኑን ገልጦ አየና «አምስት ደቂቃ» አለኝ።

ነጅሙ ከሽቦው ወዲያ ቆመ። ጢሙ አድጓል። በወር ውስጥ ሁለት ጊዜ የጣለው ወባ ጉንጩን አጉድጉዶታል። ሳየው ቂሜ ሁሉ ጠፋብኝ፤ ወዲያው ደግሞ እንዳይጠፋብኝ ጨበጥኩት።

«ሐሙስ ለአዲስ አበባው እንግዳ ሊያስረክቡህ ነው» አልኩት። «አሻጥር ነው ብዬ እንድፈርም ይፈልጋሉ። ማሽኑ አንተ ከታሰርክ ወዲህ አልወደቀም።»

«ከሰዓት ማን ይጽፍበታል?»

«ማንም። ጸሐፊዎቹን ጓድ ግርማ ስብሰባ ልኳቸዋል። ጠዋት ጠዋት እኔ ብቻዬን ነኝ።»

ፊቱ ላይ ያቺ የማውቃት ብርሃን ብልጭ አለች። «እንግዲያው አልዳነም፤ ሥራ ፈታ እንጂ! ሦስቱ ሲጽፉ ነው የሚወድቀው ማለት ነው። ሲወድቅ በሆዱ የያዘውን ሁሉ ዲስክ ላይ ገልብጦ ነው የሚሞተው። እሱን አትሚና የነፃ ገጾቹን ዝርዝር እዪው።» ከዚያ ብርሃኑ ጠፋ። «ጊዜ ከሌለሽ ግን... ፈርሚ፣ ሐምዲ። ሁለታችን ከምንጠፋ አንዳችን እንትረፍ።»

«አሁንም?» አልኩት። «ስንት ጊዜ ነው የምትለቀኝ?»

ሽቦውን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ? አንቺ አይደለሽም እንዴ ቀድመሽ...»

«በቃ!» አለ ጠባቂው። ነጅሙን ወደ ውስጥ መለሰው። እኔ ግን ባዶ ሳህን ይዤ ፀሐይ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ «ቀድመሽ» የምትለዋ ቃል እሾህ ሆና ደረቴ ውስጥ ተሰነቀረች።

* * *

አባቴን ቦዩ ዳር አገኘሁት። የውሃ አባት ነው። የሮቢ ወንዝ ውሃ ለማን፣ መቼ እንደሚለቀቅ የሚወስነው እሱ ነው። እያንዳንዱ የውሃ ተራ አንዲት ጠጠር አለችው። ውሃ የሚወስድ ሰው ጠጠሯን ከአባቴ ይወስዳል፤ አጠጥቶ ሲጨርስ ይመልሳታል፤ አባቴም ጣሳው ውስጥ ጠብ ያደርጋታል። ጠጠር ጣሳ ውስጥ ከሌለ ውሃው ተይዟል ማለት ነው።

«ግርማ አስጠርቶኝ ነበር» አለኝ ቀና ሳይል። «ፈርሚለት። ለዚያ ቤት ብለሽ ቤታችንን አታፍርሺ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ አንቺ ከሥሩ ምን ያስቆምሻል?»

«ሐሰት ነዋ፣ አባ! ወላሂ አሻጥር አይደለም።»

«ያያቱ ሰዎች አውድማዬ ላይ ቆመው እህል ሲሰፍሩ አንቺ አላየሽም። እናትሽ ራቢዓ አራስ ሆና...»

«አላየሁም። እሱም አላየም።» እንባዬ መጣ፤ ግን አልተውኩም። «መሬት ለአራሹ ብላችሁ ተሰልፋችኋል። ደግ አደረጋችሁ። የእኔንስ ልብ ማን አረሰው? እሱ ነው ያረሰው። አያቱ አይደሉም፣ እሱ! አንተ አይሆንም ስትለኝ ለቀቅኩት፤ አንጀቴ እያረረ ለቀቅኩት። ውሸት ፈርሜ ግን አልቀብረውም። ብትረግመኝም አልፈርም።»

ይህን ስናገር ጎረቤታችን ኢብሮ ከማዶ መጣና መዳፉን ዘረጋ። «አብዱልቃድር ጨርሷል። ከሚደክም ብዬ ጠጠሩን ይዤለት መጣሁ» አለ።

«ለራሱ መልስለት» አለ አባቴ ቆጣ ብሎ። «የወሰደው ራሱ ያምጣ።»

ኢብሮ እየሳቀ ተመለሰ። አባቴ ለምን እንደተቆጣ እኔ አውቃለሁ። በልጅነቴ ጠጠር አልነበረም፤ ሁሉም በቃል ነበር። አንድ ቀን አንዱ ገበሬ ተራውን ሲጨርስ ጎረቤቱ በደግነት «እገሌ ጨርሷል» ብሎ ለአባቴ ነገረለት። አባቴም ውሃውን ለሌላ ሰው ሰጠ። ቆይቶ ባለተራው ራሱ መጥቶ «ጨርሻለሁ» አለ። አባቴ ሌላ ተራ የተለቀቀ መሰለውና ያንኑ ውሃ ለሦስተኛ ሰው ሰጠ። ሁለት ሰዎች አካፋ ይዘው ባንድ ቦይ አፍ ላይ ተገናኙ። የአንዱ ክንድ ተሰበረ። ጥፋተኛ ሲፈለግ ግን ሁሉም ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ።

አባቴ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ያን ምሽት ከአባቴ ጋር ስኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቸኝነት ተሰማኝ።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ማሽኑ ሲሞት የገለበጠውን ሁሉ አተምኩ። ወረቀቱ እየታጠፈ ወለሉ ላይ እስከ ጉልበቴ ተቆለለ። ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ በእርሳስ እያሰመርኩ አነበብኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ምንም አላገኘሁም። ዙሁር ሰግጄ ተመለስኩና የነፃ ገጾቹን ዝርዝር እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

ገጽ 417።

አራት መስመር ወረድኩ። ገጽ 417።

መጀመሪያ ዓይኔ የደከመ መሰለኝ። ቀጥሎ ያለፈውን ሳምንት አወጣሁ፤ እዚያም አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ አለ። ከዚያ በፊት ያለውንም አወጣሁ። በአሥራ አንዱም ላይ አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ «ነፃ ነኝ» ብሎ ተሰልፏል። አንድ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሷል! ጠዋት እኔ ብቻዬን ስሆን ሁለተኛ ጠያቂ የለምና ጉድለቱ አይታይም። ከሰዓት ሦስቱ ጸሐፊዎች ሲገቡ ግን አስኳሉ ያንኑ ገጽ ለሁለት ሰው ያድላል። አንዱ በሌላው ላይ ይጽፋል፤ አስኳሉ የገዛ ማስታወሻው ተደምስሶ ያገኘውና ይሞታል።

ታዲያ ሁለት ጊዜ የመለሰው ማን ነው?

የነጅሙን ክፍል ገለጥኩ። መጨረሻው ላይ ገጹን የምትመልስ አንዲት መስመር አለች። ትክክል ነው፤ የተበደረው እሱ ነው። ቀጥዬ የራሴን ገለጥኩ።

እዚያም አለች። እኔ ነኝ የጻፍኳት።

ትዝ አለኝ። ሚያዝያ መጨረሻ ነጅሙ በወባ ወድቆ ነበር። ክፍሉን ሳይጨርስ ስለቀረ «ገጹ ሳይመለስ ቀርቶ በእሱ እንዳይላከክ» ብዬ የመመለሻዋን መስመር በእኔ በኩል ጨመርኩለት። ልነግረው ይገባ ነበር። ግን አንነጋገርም።

«እትዬ አሰገደች!» ብዬ ጮህኩ። መነጽሯን እያደረገች መጣች። «ነጅሙ ያን ጊዜ ታሞ ሳለ ይህችን የእሱን መስመር ማን አስገባት?»

«እኔ ነኛ፣ እናቴ» አለች። «አልጋው ላይ ሆኖ ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፎ ላከልኝ። 'እሷ እንዳትቸገር ገልብጪልኝ፣ ደግሞ እንዳትነግሪያት' አለ። ያ ልጅ እኮ... ደብዳቤውም እንደዚያው ነበር። ጠዋት ገና በር ስከፍት 'ለሐምዲያ' ብሎ ሰጠኝ፤ አንቺ ደግሞ ረፋዱ ላይ ያንቺን ይዘሽ መጣሽ።»

«ምን አልሽኝ? ጠዋት ነው የሰጠሽ? የእኔን ሳያነብ?»

«እንዴት አድርጎ ያነባል? ያንቺን እኮ ገና አልጻፍሽም ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ምነው? ምን ሆንሽ?»

የወረቀቱ ክምር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እምቢ ያለኝ ሰው አልነበረም። እሱ ለእኔ ብሎ መለሰኝ፣ እኔም ለእሱ ብዬ መለስኩት፤ እያንዳንዳችን የሌላውን ደብዳቤ መልስ መስሎን ተኮራረፍን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኛ ዝምታ ግን ነቅዞ ማሽን ጣለ፣ ሰው አሳሰረ።

እንባዬን ጠረግሁ። መስመሯን ወዲያው መሰረዝ እችል ነበር። ከሰረዝኳት ግን ማሽኑ ሐሙስ አይወድቅም፤ ካልወደቀ ደግሞ ጓድ ግርማ «አያችሁ? ልጁ ስለታሰረ ዳነ» ይላል። ስለዚህ አልሰረዝኳትም። ማሽኑን በእንግዳው ፊት ልጥለው ወሰንኩ። ይህን ስወስን አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ከሚያዝያ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

* * *

ሐሙስ ከሰዓት ክፍሉ ሞላ። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዳ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ከኋላ የገበሬ ማኅበር ተወካዮች ቆመዋል፤ አባቴም ጣሳውን ታቅፎ መሀላቸው ነበር። ጓድ ግርማ «ብቻሽን አሳዪ» ብሎ ቀደም ሲል አስጠንቅቆኛል። እኔ ግን ሦስቱን ጸሐፊዎች ጠርቼ አስቀመጥኳቸው።

«ጻፉ» አልኳቸው። «እንደ ወትሮው።»

ጓድ ግርማ በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። ፕሪንተሩ ስም መትፋት ጀመረ። የሃያ ሰው ስም ወጣ፣ የአርባ። ተወካዮቹ አንገታቸውን እያሰገጉ የየራሳቸውን ስም ፈለጉ። ስልሳኛው ላይ ፕሪንተሩ ተንጫጫና ቆመ። ሦስቱም ስክሪኖች ባንዴ ደረቁ።

«አሻጥር!» አለ ጓድ ግርማ።

«አሻጥረኛ የተባለው ሰው ቀበሌ ተቆልፎበታል» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ዛሬ የጣልኩት እኔ ነኝ። እንደሚወድቅ አውቄ፣ ሆን ብዬ ነው የጣልኩት።»

 እንግዳው መነጽራቸውን አወለቁ። «አስረጂኝ» አሉ።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋሁ። «አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ እየተመለሰ ነው። አንዷን መስመር ነጅሙዲን ጻፋት፤ እሷ ትክክል ናት። ሁለተኛዋን እኔ ጻፍኳት፤ ስህተቱ እሷ ናት። ጥፋተኛ ከተፈለገ እዚህ ነኝ።»

እንግዳው ቅንድባቸውን አኮማተሩ፤ እንዳልገባቸው አየሁ። ያኔ ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጌታው፣ ይሄማ የጠጠር ነገር ነው» አለ አባቴ። ወደፊት መጣ። ጣሳውን አንኳኳ። «አንዱን ተራ ሁለት ሰው ሲመልሰው ውሃው ሁለት የሆነ ይመስላል። ከዚያ ለሁለት ሰው ትሰጠዋለህ፤ ጠቡ ይመጣል። እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። ክፋት አይደለም። አለመነጋገር ነው።»

እንግዳው ፈገግ ለማለት ትንሽ ቀራቸው። ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ክፍል ውስጥ እየሠራችሁ ለምን አልተነጋገራችሁም?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። ሥራ በዛብን ማለት እችላለሁ። አባቴን አየሁት፤ እሱም አየኝ።

«ስለምንዋደድ ነው» አልኩ።

አንዷ ጸሐፊ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን አላፈርኩም። «እሱ ለእኔ ደህንነት ብሎ ተወኝ። እኔም ለእሱ ብዬ ተውኩት። ከዚያ ተኮራረፍን። ማሽኑ የወደቀው በእኛ ኩርፊያ ነው እንጂ በአያቱ መሬት አይደለም። ሰውን በአያቱ የምታስሩ ከሆነ እኔንም በአባቴ ደግነት ሸልሙኝ!»

«ስህተትሽን ግን በግለ ሂስ ታቀርቢያለሽ» አሉ እንግዳው።

«ስለ መስመሯ አቀርባለሁ። ስለ ሰውየው አላቀርብም።»

ሰዓታቸውን ተመለከቱ። «ለማስተካከል ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አርባ።»

«እጠብቃለሁ» አሉ። ከዚያ ለጓድ ግርማ እጃቸውን ዘረጉ። «እስከዚያ ያንን ወረቀት ስጠኝና ልጁን አስመጣው።»

የእኔን መስመር ሰረዝኳት። አስኳሉ እንደ አዲስ እስኪታነጽ አርባ ደቂቃ ቆምኩ፤ ከክፍሉ የወጣ አልነበረም። ከዚያ ፕሪንተሩ ጀመረ። ስልሳውን አለፈ። መቶውን አለፈ። ሦስቱ ጸሐፊዎች እየጻፉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ስም ወጣ፣ የሷሊሕም ጭምር። አባቴ ስሙን በጣቱ ዳሰሰው፤ እኔም በዚያ ሰዓት ይቅር ያልኩት መሰለኝ።

* * *

ነጅሙ ሲገባ እንግዳውም ሌሎቹም ሄደው ነበር፤ የቀረነው አባቴና እኔ ነን። በሩ ላይ ቆመ፤ ብርዱ አንቀጠቀጠው።

ቀድሞ የተናገረው አባቴ ነው። ከላይ እስከ ታች አየውና «አካፋ ይዘህ ታውቃለህ?» አለው።

«አላውቅም።»

«አያትህም አያውቁም ነበር። ነገ የውሃ ተራዬ ነው። ጎህ ሲቀድ ቦዩ ዳር ና።» መልስ ሳይጠብቅ ጣሳውን ታቅፎ ወጣ። እሺ አላለም፤ አባቴ ግን የማይፈልገውን ሰው ውሃው ዳር አይጠራም።

ብቻችንን ቀረን። ነጅሙ ከኪሱ የሳሙና መጠቅለያ ወረቀት አውጥቶ አቀበለኝ። ጀርባው ላይ ፕሮግራሙን በቃሉ ጽፎታል፤ ሁለቱንም ክፍል፣ የእኔንም ጭምር።

«'ስንት ጊዜ ነው የምትለቀኝ' ካልሽኝ በኋላ ሳስበው አደርኩ» አለ። «ሁለታችንም መልሰነው እንደሆነ ጠረጠርኩ። ገጹን ማለቴ ነው... እኛንም ማለቴ ነው። እዚያ ሆኜ የእኔን መስመር ሰረዝኳት።»

ወረቀቱ ላይ መስመሩ በጥፍር ተፍቋል። ሳቄ አመለጠኝ፤ ከእንባዬ ጋር ተደባለቀ።

«እኔም እዚህ የእኔን ሰርዣለሁ። ሁለታችንም ከሰረዝን ማን ሊመልስ ነው? ገጹ ተይዞ እኮ ሊቀር ነው!»

«ማሽኑ ይጎዳል?»

«ቀስ በቀስ ይሞላና ይቆማል። ስለዚህ ለማሽኑ ያንተ መስመር ትቆይ። እሷ ትመልስ።»

«ለእኛስ?» አለኝ። ያን ጊዜ ተንጋዳዋን «ሀ» ሳያይ እንዳየኝ አየኝ።

በዚህ ጊዜም ዓይኔን አልሰበርኩም።

«ለእኛ ማንም አይመልስ» አልኩት።

ማሽኑ ከዚያ ወዲህ አልወደቀም። እኔና ነጅሙም አንዳችን ሌላውን መልሰን አናውቅም።